ጨዋታ ሠሪና እንጀራው

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በደብረ ፀሐይ ኰረብታ የሚገኘውን የቁስቋምን ቅጥር የጐበኘ ሰው ሁለት ነገሮችን ሳያይ አይመለስም። አንደኛው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው፤ የአዳራሹ ጣራ ወድቋል፤ በግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ግን ዛሬም በግልጥ ይታያሉ። ሁለተኛው በቅጥሩ አጠገብ የሚውሉት ልጆች ናቸው፤ መሬቱን በጣታቸው ፈልፍለው፥ ጠጠር ለቅመው ገበጣ ይጫወታሉ። ለአዳራሹ የመንግሥት ሀብትና የብዙ ግንበኛ ድካም ወጥቶበታል፤ ለገበጣው የወጣበት ግን ጥቂት ጠጠርና የልጆች ትርፍ ጊዜ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አዳራሹ ሲፈርስ ጨዋታው አልፈረሰም።

ይህን እንዳስተውል ያደረገኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ባለፈው ክረምት ሊጠይቀኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ተወልዶ ያደገው እዚያው ቁስቋም ሠፈር ነው፤ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይይዛል፤ ማታ ማታ ግን በኮምፒዩተር ጨዋታ ይሠራል። በእጅ ስልኩ ላይ የሠራውን አሳየኝ፤ ትንንሽ ፈረሶችና እግረኞች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ሜዳ ላይ ይሯሯጣሉ። ካሳየኝ በኋላ ስልኩን ወደ ኪሱ መልሶ፥ «መምህር፥ ምክርዎን ፈልጌ ነው የመጣሁ። ደመወዜን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለዚህ ልስጠው? ወይስ እንዲሁ የማታ ሥራ ሆኖ ይቅር? እናቴ ‹ጨዋታ እንጀራ አይሆንም› ትለኛለች፤ ጓደኞቼ ደግሞ ‹እንጀራ ካልሆነ ምን ይሠራልሃል?› ይሉኛል፤» አለኝ።

ወዲያው የምመልስለት አላገኘሁም። በመምህርነቴ ዘመን ገበጣ ሲጫወቱ ያገኘኋቸውን ተማሪዎች ጕድጓዱን በእግሬ እየደፈንሁ ወደ ክፍል የምሰድድ ሰው ነበርሁ፤ ስለ ጨዋታ ምክር ልሰጥ የሚያስችል ሥልጣን አልነበረኝም። ስለዚህ ጥያቄውን ከራሴ ይልቅ ለታሪክ ማቅረብ እንደሚሻል አሰብሁ። ጨዋታን የፈጠሩ ሰዎች ከምን ይኖሩ ነበር? ጨዋታ መፍጠርስ መተዳደሪያ ሊሆን ይገባዋልን፥ ወይስ ሰው ከመደበኛ ሥራው ሲመለስ የሚሠራው የልብ ሥራ ሆኖ ቢቀር ይሻላል? አንባቢ እንዲረዳልኝ፥ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ከቁስቋም እንነሣ። ዐፄ በካፋ በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበሩ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ጭነው መንግሥቱን ይመሩ ጀመር። የከተማውን ግቢ ትተው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበትን ይህን ስፍራ ቁስቋም ብለው ሰየሙት። ቁስቋም እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደቷ ጊዜ ያረፈችበት የግብጽ አገር ስም ነው። እንግዲህ ስሙ ራሱ ከድካም በኋላ የሚገኘውን ዕረፍት የሚያሳስብ ነው። ስለ ዕረፍት ጊዜ ሥራ ለመነጋገርም ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

በዚህ ስፍራ ልጆች የሚጫወቱት ገበጣ በአገራችን በብዙ ስምና በብዙ ሥርዓት የታወቀ ነው። አንዳንዱ በሁለት ረድፍ ጕድጓድ፥ አንዳንዱ በሦስት፥ አንዳንዱም በአራት ረድፍ ይጫወቱታል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ መቶ ያህል የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ይህ ቍጥር በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። መቶ ዓይነት ገበጣ አለ ማለት፥ ቢያንስ መቶ ጊዜ አንድ ሰው ጠጠሩን በእጁ ይዞ «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ ጠይቋል ማለት ነው። ከብት ጠባቂ ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ ሲያርፍ ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ለሐሳባቸው ዋጋ የከፈላቸውም አልነበረም። ፈራጁ በፊታቸው የተቀመጠው ጓደኛ ነበር፤ አዲሱ ሥርዓት ደስ ካሰኘው ይቀበለዋል፥ ወደ ሌላውም መንደር ይወስደዋል፤ ካላሰኘው ጕድጓዱ በማግሥቱ በዝናብ ይሞላል። የሚከስር ገንዘብ ስላልነበረ ሰው ሁሉ ያለ ፍርሃት ይሞክር ነበር። የዓይነቱ መብዛት የመጣው ከዚህ ነፃነት ነው።

ከገበጣ ቀጥሎ የሚታሰበው የመኳንንቱ ጨዋታ ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ተማሪ «ሰንጠረዥ» ሲባል በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ቍጥር የሚደረደርበትን መስመር ያስባል፤ ቀድሞ ግን ቃሉ የንጉሥና የፈረስ፥ የእግረኛም ጦርነት የሚካሄድበት የጨዋታ ስም ነበር። ሜዳው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ያልተዥጐረጐረ፥ በጨርቅ ላይ መስመር ብቻ የተሰመረበት ባለ 64 ቤት ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ የሚወዱ መሆናቸውን ተመልክቷል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአገራችን የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም ስለዚሁ ጨዋታ ጽፏል።

ሰንጠረዥን ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው ታላቅ ነገር መጀመሪያው ነው። በሌላው አገር አንዱ አንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በእኛ ሰንጠረዥ ግን የመጀመሪያው እስኪገደል ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፥ እጃቸው እንደ ፈጠነ፥ ዓይናቸው የባላጋራን አሰላለፍ እየተከተለ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። ከሩቅ አገር የመጣውን ጨዋታ እንደ አገሩ የጦርነት ልማድ አድርጎ የለወጠው ማን እንደ ሆነ ስሙ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ታላቅ ጨዋታ ፈጣሪ እንደ ነበር ሥራው ይመሰክራል። ያ ወጣት በስልኩ ያሳየኝም ይህንኑ ወረራ ነበር፤ በመጽሐፍ አንብቦ፥ «ይህን የመሰለ ነገር እንዴት ይጠፋል?» በማለት ከሞት ሊያስነሣው ተነሥቷል።

በእውነትም ሰንጠረዥ ጠፍቷል። በ20ኛው መቶ ዓመት የመሳፍንቱ አዳራሽ ሥርዓት ሲለወጥ፥ ይልቁንም ከ1935ቱ የፋሽስት ወረራ በኋላ፥ ጨዋታው እየተረሳ ሄዶ ቦታውን ለዓለም አቀፉ ቼዝ ለቀቀ። እዚህ ላይ ሁለቱን ጨዋታዎች ማነጻጸር ይገባል። ሰንጠረዥ በአዳራሽ ነበር፤ የሚያጫውተው ጌታ፥ የሚከብበውም አሽከርና መኰንን ነበረ፤ አዳራሹ ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ። ገበጣ ግን በአፈር ላይ ስለ ነበር የሚዘጋበት በር አልነበረም። ጨዋታ አንድ ምሰሶ ብቻ ተደግፎ ከቆመ፥ ምሰሶው ጌታም ይሁን ገበያ፥ ያ ምሰሶ ሲነቃነቅ መውደቁ አይቀርም።

ስለ እንጀራና ስለ ፈጠራ ስንነጋገር ጎንደር ከጨዋታ የሚበልጥ ምስክር አላት፤ ይኸውም የቅኔ ትምህርት ነው። ቅኔን ከጨዋታ አጠገብ በማስቀመጤ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ፤ ክብራቸው አንድ አይደለም፤ የማነጻጽረው የአሠራሩን ጠባይ ብቻ ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ ቍራሽ ለምኖ እየበላ፥ ከሰው ተለይቶ ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ይነግራል። የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ቢያቀርብ ዋጋ የለውም፤ የሌላውን ቢያቀርብ ነውር ነው። ዕለት ዕለት አዲስ መፍጠር አለበት፤ የፈጠረውን ግን ለገበያ አያወጣውም። ደግሞም ማንም ተማሪ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ አይጀምርም፤ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና በሦስቱ ቤት በዘአምላኪየና በሚበዝኁ፥ ከዚያም በዋዜማና በሥላሴ በኩል እያለፈ ይወጣል። ቅኔውን የቍራሹ መግዣ ስላላደረገው፥ ዛሬ ቅኔው ቢሰበርበት ዛሬ አይራብም፤ ነገ ሌላ ይሞክራል።

አሁን ወደ ሰፊው ዓለም እንለፍና የኮምፒዩተር ጨዋታ እንዴት እንደ ተወለደ እንመልከት። ዛሬ ይህ ሥራ ታላላቅ ኩባንያዎች የተቋቋሙበት ንግድ ነው፤ ሲጀመር ግን እንደዚህ አልነበረም። በ1958 በአሜሪካ በብሩክሄቨን የምርምር ማዕከል ዊልያም ሂጊንቦታም የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በዓመታዊው የጐብኚዎች ቀን ሕዝቡ የማይንቀሳቀስ መሣሪያ እያየ እንዳይሰለች በማሰብ፥ የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚያሳይ ትንሽ መስታወት ላይ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት ቴኒስ ሠራ። ጐብኚዎቹ ተሰልፈው ተጫወቱበት። እርሱ ግን የፈጠራ ባለመብትነት አልጠየቀበትም፤ መሣሪያውም ከጊዜ በኋላ ተፈታትቶ ለሌላ ሥራ ዋለ። በ1962 ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ ሁለት የጠፈር መርከቦች የሚዋጉበትን ጨዋታ ሠሩ፤ አልሸጡትም፤ ኮምፒዩተር ላላቸው ሁሉ በነፃ ተላለፈ። በ1971 የዚሁ ጨዋታ አምሳያ ሳንቲም እየተከፈለበት ለሕዝብ ቀረበ፤ ይህን ያቀረቡት ሰዎችም በ1972 አታሪ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። እንግዲህ ንግዱ የመጣው ፍቅሩ መንገዱን ከጠረገ በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የአሌክሴይ ፓጂትኖቭ ታሪክ የሚያስተምር ነው። ሰውዬው በሞስኮ በሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ተመራማሪ ነበር። በ1984 ከመደበኛ ሥራው ጎን ለጎን፥ ከአራት አራት ማዕዘኖች የተገጣጠሙ ቅርጾች ከላይ እየወረዱ የሚደረደሩበትን ቴትሪስ ፈጠረ። የነበረው ኮምፒዩተር ሥዕል ለማሳየት የማይችል ስለ ነበር ቅርጾቹን የሠራው በጽሕፈት ምልክቶች ነው። ጨዋታው በሰው እጅ እየተቀዳ ዓለምን ዞረ። ነገር ግን ፈጣሪው ከዚህ ሁሉ የሚገባውን የባለመብትነት ገንዘብ መቀበል የጀመረው በ1996 ነው። ከእርሱ በፊትም በአሜሪካ የአጭር ጽሕፈት ሠራተኛ የነበረችው ኤሊዛቤት ማጊ የመሬት ባለቤቶችን ስግብግብነት የሚያስተምር የሰሌዳ ጨዋታ ፈጥራ በ1904 የፈጠራ ባለመብትነት ተቀብላ ነበር። ከዚህ ጨዋታ የተወለደው ሞኖፖሊ በሌላ ሰው ስም ገነነ፤ እርሷ በ1935 መብቷን ስትሸጥ የተከፈላት 500 ዶላር ብቻ ነው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች የጻፍሁት ፍቅር ብቻውን ይበቃል የሚለውን ሐሳብ ለማረም ነው። ስለ ፍቅር የሚሠራ ሰው ነፃነት አለው፤ ነገር ግን ቸልተኛ ከሆነ ስሙንም ሥራውንም ሌላው ይወስድበታል። «ገንዘብ አልፈልግም» ማለትና «ሥራዬ የማን እንደ ሆነ አይታወቅ» ማለት አንድ አይደሉም።

በአገራችንም ዛሬ ይህን ሥራ መተዳደሪያቸው ያደረጉ አሉ፤ ሊከበሩም ይገባቸዋል። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ እጅ ስልክ አምጥቷል። ልጆቻችን የሌላውን አገር ተረት ብቻ እንዳይጫወቱ ያደረገ ሥራ ነው። ይህ ግን ማኅበርና ካፒታል፥ ሥዕል የሚሥል፥ ድምፅ የሚቀርጽ፥ ገበያ የሚፈልግ ሰው ይጠይቃል። ብቻውን በሌሊት የሚሠራ የጎንደር ልጅ ከዚህ ሁሉ የሚኖረው ሁለት እጁና አንድ ኮምፒዩተር ነው። በ2023 ከነሐሴ ወር ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ የዕለት እንጀራው በኢንተርኔት ክር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው ምን ያህል እንደ ተቸገረ መገመት አያዳግትም። ደመወዝ የነበረው ግን በተዘጋው መስመር ጊዜ እንኳ ማታ ማታ ሥራውን ሊቀጥል ይችል ነበር።

እንግዲህ ታሪክን ጠይቄ ለዚያ ወጣት ያደረስሁለት መልስ ይህ ነው። አንደኛ፥ ጨዋታህ ራሱን ችሎ ሳይቆም እንጀራህን አታሸክመው፤ የተራበ ሰው የሚሸጠውን እንጂ የሚወደውን ለመሥራት ድፍረት አያገኝም። አንድ ቀን ራሱ እንጀራ ይዞልህ ቢመጣ ግን በሩን አትዝጋበት። ሁለተኛ፥ ከጉባኤ ቃና ጀምር፤ ሁለት ቤት ያለውን ትንሽ ጨዋታ ፈጽመህ ለሰው አሳይ፤ ያልተፈጸመ መወድስ ከተፈጸመ ጉባኤ ቃና አይበልጥም። ሦስተኛ፥ ስምህንና የሠራህበትን ቀን በሥራህ ላይ ጻፍ፤ ሳታነብ የምትፈርመው ወረቀት አይኑር። የገበጣ ፈጣሪዎች ስማቸው የጠፋው ጽሑፍ ስላልነበራቸው ነው፤ አንተ ግን አለህ።

ከመምህራንና ከመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችም የምለምነው አለኝ። አንድ ወጣት ከሥራ ሰዓት ውጭ የሠራውን ሲያሳየን በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ያስገኝልሃል?» የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ ክፉ አይደለም፤ መጀመሪያ መምጣቱ ግን ብዙ ሥራ በእንጭጩ ያስቀራል። በትምህርት ቤት ለእንዲህ ያለው ሥራ በሳምንት አንድ ሰዓትና አንድ ክፍል ቢፈቀድ የሚጐድልብን የለም። ጕድጓዱን በእግሬ ስደፍን የኖርሁት እኔ ይህን መናገሬ ዘግይቶ የመጣ ጸጸት መሆኑን አልክድም።

ወጣቱ ደመወዙን አልተወም። በጥቅምት ወር ወደ ጎንደር ስሄድ ቁስቋም ላይ አገኘሁት፤ እሑድ ነበር። ስልኩን ለሠፈር ልጆች ሰጥቶ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይመለከታቸዋል። ሁለት ልጆች ወረራውን ሲጫወቱ ጣታቸው እየተጋጨ ተጣሉ፤ እጁ ፈጣን የሆነው ሁልጊዜ እንዳሸነፈ ሌላው አለቀሰ። ወጣቱ ደብተሩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። በዚህ ጊዜ ከጐን ገበጣ ይጫወት የነበረ አንድ ትንሽ ልጅ ጠጠሩን እንደ ጨበጠ ተጠጋና፥ «ጋሼ፥ ለሁሉም እኩል ጠጠር ቢሰጥስ? ፈረስ ባነሣ ቍጥር አንድ ጠጠር እጥላለሁ፤ ጠጠሩ ሲያልቅ ወረራው ያልቃል፤» አለው።

ወጣቱ እኔን ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያም ደብተሩን ገልጦ፥ ቀኑን ጻፈና የልጁን ስም ጠየቀው።